በኢንተርኔት የሚታየውን ካሜራ ሪከርደር ላይ ስለመቅዳት

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ከድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ከከዚራም ከሳቢያንም ተመሳሳይ ጥያቄ እየመጣልን ነው። ሐረር ያለው ቅርንጫፍ ካሜራ በብራውዘር ጥርት ብሎ ይታያል። ሊንኩ ድሬዳዋ ያለው ሪከርደር (የካሜራ ምስል የሚቀዳው ሳጥን) ላይ ሲገባ ግን ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ሪከርደሩ አልተበላሸም፤ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ።

አብዛኛው ሪከርደር ከካሜራ ምስል የሚቀበለው አርቲኤስፒ (RTSP) በሚባል ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመላላኪያ ደንብ ነው። በብራውዘር የምታዩት ላይቭ ግን ብዙውን ጊዜ ኤችኤልኤስ (HLS) ነው። ይህ አፕል በ2009 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አሠራር ሲሆን ቪዲዮውን የጥቂት ሴኮንድ ፋይሎች አድርጎ እየቆራረጠ ይልካል። ብራውዘሩ ፋይሎቹን እየተከታተለ ያወርዳቸዋል፤ ሪከርደሩ ግን ይህን አያውቅበትም።

መፍትሔው መሃል ላይ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። ደህና የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃል። እንደ ኤፍኤፍኤምፔግና ሚዲያኤምቲኤክስ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ስትሪሙን (በኢንተርኔት የሚመጣውን ቪዲዮ) ተቀብለው በአርቲኤስፒ ያወጡታል። ቪዲዮው ኤች.264 በሚባለው የተለመደ የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት ከሆነ ሳይቀየር ስለሚያልፍ ኮምፒውተሩ አይጨነቅም። እንደገና መቀየር ካስፈለገ ግን ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አድራሻን በእጅ ማስገባት የማይፈቅዱ ሪከርደሮችም ስላሉ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የእናንተን እንይላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ኤችኤልኤስ ይዘገያል፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሴኮንድ። ሪከርደሩ ሰዓት የሚጽፈው ደግሞ ምስሉ በደረሰው ቅጽበት ነው። ካሸር ጋ በሂሳብ ጭቅጭቅ ተነስቶ ቪዲዮውን ከደረሰኙ ሰዓት ጋር ብታስተያዩ አይገጥምላችሁም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ኔትወርክ ሲቋረጥ ነው፤ የዚያ ሰዓት ቅጂ ጭራሽ አይኖርም። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ፣ ካሜራው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ) ላይ ቢሆን እንኳ ራውተሩ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ለካሸርና ለመጋዘን በር ይህን ዘዴ ብቻ እንድትተማመኑበት በፍጹም አንመክርም። እዚያው ቅርንጫፉ ላይ፣ ቢያንስ ካሜራው ውስጥ በሚገባ ሚሞሪ ካርድ ይቀዳ። በኢንተርኔት የሚመጣው ሁለተኛ ቅጂ ይሁን። ሌባ ካሜራውን ነቅሎ ቢወስድ እንኳ ድሬ የተቀዳው ይተርፋል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኼ ነው።

የዳታ ሂሳቡንም አስቀድማችሁ እወቁት። 2 ሜጋቢት በሴኮንድ የሚልክ አንድ ካሜራ በሰዓት 900 ሜጋባይት፣ በቀን 21 ጊጋባይት ከምናምን ይበላል። ጥራቱ ዝቅ ብሎ 512 ኪሎቢት ሲሆን በቀን ወደ 5.5 ጊጋባይት ይወርዳል። ጥቅላችሁ ገደብ ካለው ሁለተኛውን ምረጡ። በር ላይ ማን ገባ ማን ወጣ ለማለት ያ ይበቃል።

አንዳንድ ሠራተኛ በአቋራጭ ቅርንጫፉ ራውተር ላይ ፖርት 554ን (አርቲኤስፒ የሚያልፍበትን በር) ለኢንተርኔት ከፍቶላችሁ ይሄዳል። እባካችሁ አታስከፍቱ። የፋብሪካው ፓስወርድ ካልተቀየረማ ሱቃችሁን ማንም ከየትም ሆኖ ያየዋል። እኛ ሁለቱን ቦታ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተቆለፈ የግል መስመር) እናገናኛለን። እንዲያውም ቪፒኤኑ ካለና ካሜራው ራሱ አርቲኤስፒ የሚያወጣ ከሆነ፣ መሃል ላይ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ መዘግየቱም በጣም ይቀንሳል። ወጪውም ያንሳልና መጀመሪያ የምንሞክረው ይህንን ነው።

ስትመጡ የሪከርደሩንና የካሜራውን ሞዴል ፎቶ አንስታችሁ አምጡ። ሊንኩን በጽሑፍ ላኩልን። ፓስወርዱን ግን በቴሌግራም አትላኩ፤ ለገጣሚው እዚያው በአካል ስትገናኙ ራሳችሁ አስገቡለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የካሜራ ገጠማ ክፍል
ድሬዳዋ