ረሃቡ ተከሰተ ወይስ አስራቧቸው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ሱዳን ያወጣችሁትን ዜና አነበብኩት። ርዕሱ «በኤል ፋሽር ረሃብ መከሰቱ ተረጋገጠ» ይላል። መረጃው ልክ ነው። የዓለም አቀፉ የምግብ ዋስትና ምዘና በኅዳር 2025 (እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መጀመሪያ ላይ በዳርፉሯ ኤል ፋሽርና በደቡብ ኮርዶፋኗ ካዱግሊ ከተሞች ውስጥ ረሃብ መግባቱን አረጋግጧል። እኔን የከነከነኝ ግሱ ነው። ወረርሽኝ ይከሰታል። የመሬት መንሸራተት ይከሰታል። ኤል ፋሽር ላይ የሆነው ግን «ተከሰተ» በሚል ቃል የሚታለፍ አይደለም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሕግ አስተምር ነበር። አሁን ሱሉልታ ላይ ሦስት ላሞች አሉኝ። ስለዚህ ከሕጉም ከፋጉሎውም ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ። ፋጉሎ ያልኩት ወድጄ አይደለም፤ ዜናችሁ ውስጥ «ነዋሪዎች የእንስሳት መኖ ለመብላት ተገደዋል» የምትል አንዲት መስመር ስላለች ነው። እሷን መስመር ሳነብ እጄ ላይ የፋጉሎ ዱቄት ነበር።

ላላየው ሰው ልንገረው። ኑጉ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ነው። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ። በመዶሻ እሰባብረዋለሁ፣ ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ከፉርሽካ ጋር አሽቼ እሰጣለሁ። የሻገተውን ለላም እንኳ አልሰጥም፤ መርዙ ወተቱ ውስጥ ይገባል። ሱዳኖች አምባዝ ይሉታል። የነሱ ከኦቾሎኒ የሚቀረው ነው። የኤል ፋሽር እናቶች ይህንን እያበሰሉ ለልጆቻቸው ሲሰጡ ከረሙ። የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ የሚያበስልባቸው ማዕድ ቤቶችም እህሉ ሲያልቅ ወደዚሁ ዞሩ። በመጨረሻ እሱም እየጠፋ ሄደ።

እህል ለምን ጠፋ? ከሱዳን ጦር ጋር የሚዋጋው ታጣቂ ቡድን፣ የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ፣ ከተማዋን ከግንቦት 2024 ገደማ ጀምሮ ከበባት። ጥቅምት 26 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) እስክትያዝ ድረስ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ማለት ነው። የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ 2024 በውሳኔ 2736 ከበባው ይቁም ብሎ ነበር። የሰማው የለም። በሰኔ 2025 መጀመሪያ የተመድ የእርዳታ መኪኖች ኤል ፋሽር ሊገቡ አል ኩማ ከተማ አጠገብ ቆመው ሳለ ተመቱ፤ አምስት ሰዎች ሞቱ። በዚያው ወር መጨረሻ የተመድ ዋና ጸሐፊ የአንድ ሳምንት ተኩስ ማቆም ሲጠይቁ የጦር ሠራዊቱ እሺ አለ፤ ፈጥኖ ደራሹ አሻፈረኝ አለ። ከዚያ የአፈር ክምሩ መጣ። በነሐሴ የሳተላይት ምስል ሲታይ በከተማዋ ዙሪያ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የአፈር ክምር ተቆልሏል። ውስጥ 260 ሺህ ያህል ሰው ነበር፤ ግማሹ ሕፃን። የአፈር ክምር ራሱን አይቆልልም። አንድ ሰው ነዳጅ ቀድቶለታል፣ አንድ ሰው ዶዘር ነድቷል፣ አንድ ሰው «እዚህ ጋ ክፍተት አለ፣ ድፈኑት» ብሏል።

ሌላውም ወገን ንጹሕ አይደለም። የሱዳን ጦር ከቻድ ወደ ዳርፉር የሚያስገባውን የአድሬን በር በየካቲት 2024 ዘግቶ እስከ ነሐሴ ድረስ ለእርዳታ አልከፈተውም። በዚያው ነሐሴ ከኤል ፋሽር አጠገብ ባለው በዘምዘም የተፈናቃዮች መጠለያ ረሃብ መግባቱ ሲነገር የሱዳን መንግሥት «የለም» ብሎ ካደ።

አሁን ወደ ሕጉ። ብዙ ሰው ሕዝብን ማስራብ ድሮም የተከለከለ ይመስለዋል። አይደለም። በ1863 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የወጣው የሊበር ደንብ በአንቀጽ 17 ጠላትን፣ የታጠቀውንም ያልታጠቀውንም፣ ማስራብ ይቻላል ይላል፤ ቶሎ እጁን እንዲሰጥ። ሌኒንግራድ 872 ቀን ተከበበች። በ1941 መጨረሻ ለብዙው ነዋሪ የቀን ድርሻው 125 ግራም ዳቦ ነበር፤ እሱም ብዙ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት። ከጦርነቱ በኋላ ከበባውን የጀመረው ፊልድ ማርሻል ፎን ሌብ ኑረምበርግ ላይ ሲዳኝ፣ በከበባው ጉዳይ አልተቀጣም። ዳኞቹ «ሕጉ ሌላ ቢሆን በወደድን፤ ግን ባገኘነው ሕግ ነው የምንፈርደው» አሉ። ይህን ለተማሪዎቼ ሳነብላቸው ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። የሚያንቀላፋውም ይነቃል።

ሕጉ የተለወጠው በ1977 ነው። የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ አንቀጽ 54፣ ሲቪሎችን ማስራብ እንደ ጦርነት ስልት የተከለከለ ነው ይላል። እህሉን፣ ማሳውን፣ ከብቱን፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ መስኖውን እያለ ይዘረዝራል። ሁለተኛው ፕሮቶኮል ደግሞ በአንቀጽ 14 ክልከላውን ወደ አገር ውስጥ ጦርነት ያመጣል። ኢትዮጵያ ሁለቱንም በ1994 ተቀብላለች። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መቋቋሚያ የሆነው የሮም ድንጋጌ በ1998 ወንጀል አደረገው፣ ግን በአገሮች መካከል ለሚደረግ ጦርነት ብቻ። ለእርስ በርስ ጦርነት የተጨመረው በ2019 ነው፤ እሱም ላጸደቁት አገሮች። ሱዳን የፍርድ ቤቱ አባል አይደለችም። ዳርፉር ፍርድ ቤቱ ፊት የቀረበው በ2005 የጸጥታው ምክር ቤት ስለመራው ነው። ዓቃቤ ሕግ በማስራብ ክስ መሄድ ቢከብደው እንኳ ሌላ መንገድ አለው። ሰውን ለመጨረስ ብሎ ምግብና መድኃኒት መከልከል በሰብዕና ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች ውስጥ ተጽፏል።

ከባዱ ነገር የተከሳሹን ሐሳብ፣ ማለትም ሆን ብሎ ማድረጉን፣ ማስረዳት ነው። ተከሳሽ ሁሉ «ወታደሩን ነው የከበብኩት፤ ሕዝቡ መሐል ገባ» ይላል። ወታደርን መክበብ ደግሞ በራሱ ወንጀል አይደለም። ለዚህ ነው ጥቃቅኑ ነገር ዋጋ ያለው። መኪናው የት ቆሞ ነበር? ማን አስቆመው? ፈቃዱ ስንት ቀን ፈጀ? ተኩስ ማቆሙን ማን እምቢ አለ? ፍርድ ቤት ሐሳብን የሚያነበው ከእነዚህ ነው። በኅዳር 2024 በጋዛ ጉዳይ በእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትርና በቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ላይ የወጣው የእስር ማዘዣ ማስራብን ከወንጀሎቹ አንዱ አድርጎ ሲጠቅስ፣ በፍርድ ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። እዚያ የደረሰው ቀኑንና ሰዓቱን የመዘገበ ሰው ስለነበረ ነው። «ተከሰተ» ብሎ የሚጽፍ ጋዜጣ ይህን አይመዘግብም።

ስለ ሱዳን ብቻ አውርቼ ብተው አያምርብኝም። በግንቦት 2018 የጸጥታው ምክር ቤት ማስራብን ያወገዘውን ውሳኔ 2417 በሙሉ ድምፅ ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ የምክር ቤቱ አባል ነበረች። እጇን አውጥታለች። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ነበር። በሰኔ 2021 የምግብ ዋስትና ምዘናው 350 ሺህ ያህል ሰው የመጨረሻው የረሃብ ደረጃ ላይ ነው አለ፤ መንግሥት አልተቀበለውም። በ2022 የተመድ የሰብዓዊ መብቶች ባለሙያዎች ኮሚሽን ፌዴራል መንግሥቱና አጋሮቹ ማስራብን እንደ ጦርነት ስልት ተጠቅመዋል ብሎ ለማመን የሚያበቃ ምክንያት አለ ሲል፣ መንግሥት ይህንንም አጣጣለው። በሌላ በኩል በታኅሣሥ 2021 ኮምቦልቻ ላይ የእርዳታ እህል በትግራይ ተዋጊዎች ተዘርፎ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እዚያና ደሴ ላይ ማከፋፈል አቁሟል። ያኔ ጋዜጦቻችን ምን ጻፉ? «የእርዳታ አቅርቦት መስተጓጎል።» ማን አስተጓጎለ? መልስ የለም። በደርግ ጊዜማ አይነሳም። የትግራይ ገበያ ከአየር ስለሚመታ በሌሊት ይቆም ነበር። በእኛ ራዲዮ ግን ያለው «ድርቅ» ብቻ ነበር።

በነገራችን ላይ ቋንቋችን ለዚህ ምቹ አይደለም። «ራበኝ» ስንል የራበን ማን ነው? ልጅ ሆኜ የሰዋስው መምህሬን ጠይቄያቸው «አርፈህ ቁጭ በል» ብለውኛል። ግን ያው ቋንቋ «አስራበ» የሚል ግስም አለው። አድራጊ ካልሰጡት ዓረፍተ ነገሩ አይሞላም። ማን አስራበ? ማንን? የሕጉም ቃል ይኸው ነው፤ ማስራብ።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ስለ ኤል ፋሽር እንደገና ስትጽፉ ከበባውን ታች አንቀጽ ውስጥ አትቅበሩት፤ ርዕሱ ላይ አውጡት። የከበበውን ጥሩት። በሩን የዘጋውንም። ያልተረጋገጠውን «ተብሏል» በሉ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። «የእንስሳት መኖ» የምትለዋንም መስመር ፋጉሎ በሏት። አንባቢያችሁ ፋጉሎ ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ