«ፍሬን እምቢ ብሎ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የምሸጥ ሴት ነኝ። የአደጋ ዜናችሁን ሳላነብ አላልፍም። ጣርማበር ወይም የደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ መኪና ሲገለበጥ «ፍሬን እምቢ ብሎ» ትላላችሁ። ከዚያ የሟችና የቁስለኛ ቁጥር ይከተላል፤ አለቀ። ፍሬን ግን ዝም ብሎ እምቢ አይልም። ምን ዓይነት ሸራ ነበር የገባለት? ሸራው ጨምቆ የሚያቆመው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክስ ምን ያህል ተበልቶ ነበር? ትራፊክ ፖሊሶቹን እስቲ አንዴ ጠይቁልን።

ሱቄ የሚመጣ ሾፌር ጥያቄው አንድ ነው፤ «እትዬ፣ የሚኒባስ የፊት ሸራ ስንት ነው?» የትኛው ሚኒባስ? ሊብሬህን አሳየኝ ስለው ፊቱ ይቀየራል። የመኪናው ስም አንድ ቢሆንም በዓመተ ምርቱ ሸራውን የሚይዘው ካሊፐር ይለያያል። አልገባ ያለውን ሸራ ሞርዶ የሚያስገባ መካኒክም አይጠፋም። የተሞረደ ሸራ ወይ ይንቀጫቀጫል፣ ወይ ተጣብቆ ዲስኩን አልለቅ ይላል። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ። ካልሆነ አሮጌውን ሸራ ፈታችሁ አምጡት።

ከጣርማበር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1,700 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ሁለት ተኩል ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ ልውረድ ቢል፣ ዲስክና ሸራው ላይ የሚያርፈው ሙቀት መቶ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከባድ ማርሽ የሚገባው ለዚህ ነው። ትርፍ የጫነ ደግሞ ራሱ ይጨምርበት።

ሸራ ስትገዙ ካርቶኑን ተዉት። ካርቶን ማንም ያሳትማል። ሸራውን ገልብጡና ጀርባውን ወይም ጠርዙን እዩ። ብዙዎቹ ላይ ከቁጥሮቹ ጋር ሁለት የፈረንጅ ፊደል ታገኛላችሁ፤ ኢኢ (EE)፣ ኤፍኤፍ (FF)፣ ኤፍኢ (FE) እያለ። የመጀመሪያው ሸራው ሳይግል የመያዝ አቅሙን ይናገራል፤ ሁለተኛው ከጋለ በኋላ ያለውን። ይህ አቅም የሚለካው በሰበቃ መጠን ነው፤ ኢ ማለት ከ0.25 እስከ 0.35 ነው፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45። ኤፍኢ ከሆነ ሲግል አቅሙ ይወርዳል ማለት ነው። ለከተማ ምንም አይደል። ለደብረ ሲና መውረጃ ግን እኔ አልመርጠውም። እርግጥ ፊደሉ ሸራው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አይነግርም፤ አስመስሎ የሚያትምም አለ። ምንም ያልተጻፈበትን ግን ጭራሽ አትንኩት።

ሴራሚክ የሚባለው ጸጥ ያለ ነው፤ አቧራውም ትንሽ ነው። የቤት መኪና ላለው ደስ ይላል። ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ይጮሃል፣ ቸርኬውን ያጠቁራል፣ ዲስክም ቶሎ ይበላል። ቢሆንም ሙቀት ይችላል። ቀን ከሌት ሮቢት የሚመላለስ ሰው እንዲህ ያለውን ቢገዛ አይቆጭም።

ወደ ዲስኩ ልምጣ። አብዛኛው ዲስክ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተቀርጿል። አዲስ ሳለ 28 ሚሊ የነበረ ብዙውን ጊዜ 26 ላይ ሲደርስ ይጣላል። እኛ ጋ ግን ቶርኖ ቤት ወስዶ እያስተካከሉ እስኪሳሳ መንዳት ልማድ ሆኗል። የሳሳ ዲስክ ሙቀት መሸከም አይችልም። መሃሉ አየር ማስገቢያ ያለውን ዲስክ በድፍኑ የሚተካም አይቻለሁ፤ ርካሽ ነው ተብሎ! ወጣቶቹ ደግሞ ፊቱ የተበሳሳውን ይወዳሉ። ያምራል፣ አልክድም። ግን እየጋለ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ከቀዳዳዎቹ ዙሪያ መሰንጠቅ ይጀምራል። ዲስክም ሸራም ሲቀየር ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየር። ዲስኩ አዲስ ከሆነ ሸራውም አዲስ ይሁን፤ አዲሱ ዲስክ ላይ የተቀባውም ዘይት በደንብ ይጠረግ።

አንድ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። ፍሬን ስንረግጥ የሚያግዘን ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። እገዛውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሾፌሮች «እላይ ፔዳሉ ይጠጥራል» የሚሉት ወደው አይደለም። ደካማ ሸራ የገባለት መኪና ቁልቁለቱን የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

የፍሬን ዘይቱንም አትርሱ። ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ እርጥበት ከጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል።

ለቦሎ ምርመራ የሚቀመጡ ባለሙያዎች የዲስኩን ውፍረት ቢለኩ ደስ ይለኛል። መለኪያው ውድ ዕቃ አይደለም። እኔም ሱቅ አንድ አለኝ፤ ዲስክ ይዞ ለመጣ ሁሉ በነጻ እለካለታለሁ፣ ከእኔ ባይገዛም። ቅዳሜ ግን ግርግር ነው፣ በሌላ ቀን ኑ።

አክባሪያችሁ
መለዋወጫ ሻጯ፣ ከደብረ ብርሃን