ቲቸር አረፉ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ ልነግርሽ አራት ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም። "ኔትወርኩ ተቆራረጠ" ብዬ የዘጋሁብሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ኔትወርኩ ደህና ነበር።

የማስታምማቸው ሴትዮ ባለፈው ሳምንት አረፉ። በ91 ዓመታቸው፣ እዚሁ ፊላዴልፊያ፣ በገዛ አልጋቸው ላይ። ሁሌ "ፈረንጇ" እያልኩ ነበር የማወራሽ። ውሸት አይደለም። የደበቅኩሽ የምን ፈረንጅ እንደሆኑ ነው። ጣልያን ናቸው፣ እማዬ። እዚህ ነው ተወልደው ያደጉት፤ እናትና አባታቸው ግን ከኔፕልስ አጠገብ ካለ መንደር በመርከብ የመጡ ናቸው።

ለምን እንደደበቅኩሽ አንቺው ታውቂያለሽ። አባባ ቤት ፓስታ አይገባም ነበር። አንቺ ራስሽ መኮሮኒ የቀመስሽው ካገባሽ በኋላ ነው። የካቲት 12 በመጣ ቁጥር አባባ ነጠላውን አጣፍቶ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ይቆም ነበር፤ ያቺ የ1929 ቀን ከቤት ወጥቶ ለቀረው ወንድሙ። እንዲያ እያየሁ አድጌ የጣልያን ሴት ገላ አጥባለሁ ብልሽ፣ "የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋሽ" እንደምትይኝ እርግጠኛ ነበርኩ። አሁንም ልትይኝ ትችያለሽ። ግን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ሴትዮዋን "ቲቸር" ነበር የምላቸው። የመጀመሪያው ቀን አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው፤ እንደ ትምህርት ቤታችን። በጣም ወደዱት። 34 ዓመት ሁለተኛ ክፍል አስተምረዋል። ባላቸው የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ ውስጥ ሲሠራ በወጣትነቱ ሞተባቸው፤ ትንሹ ልጅ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። ቀን ያስተምራሉ፣ ማታ የሰው ልብስ ይሰፋሉ። ሦስቱንም ልጆች ኮሌጅ አስገቡ። ፍሪጁ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1984 ጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶ ነበራቸው፤ የጄራልዲን ፌራሮ። እሷም የጣልያን ስደተኛ ልጅ ናት፣ እሷም ኒው ዮርክ ውስጥ የትንንሽ ልጆች አስተማሪ ነበረች፤ ቀን እያስተማረች ማታ ሕግ ተምራ ነው ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረችው። ቲቸር ፖለቲካ ብዙም አይገባቸውም። "ጠመኔ የያዘ እጅ ነው" ይሉ ነበር ፎቶውን እያሳዩ።

እኔ በየቀኑ ለምሠራበት ድርጅት ሪፖርት እጽፋለሁ። ምን በሉ፣ መድኃኒት ወሰዱ ወይ፣ እንቅልፍስ፣ ሆድስ። አንድ ማታ "ሺ ኢት ጉድ" ብዬ ጽፌ ኩሽና ስገባ ቀይ እስክሪብቶ አንስተው አርመው ጠበቁኝ። "ኤስ" ጨምረውበታል። ከዚያ ወዲህ ሳያርሙት የወጣ ሪፖርት የለም። ስለ ገዛ የሆድ ድርቀታቸው የጻፍኩትን አርመው ከ10 7 የሰጡኝ ቀን ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ዛሬ እንግሊዝኛዬ ቀና ብሎ የሚሄደው በእሳቸው ሆድ ድርቀት ነው ብልሽ አልዋሸሁም።

ደግሞ አንድ ቀን "ላጲስ አቀብይኝ" አሉኝ። በእናታቸው ቋንቋ ነው፤ ሲደክማቸው እንግሊዝኛው ያመልጣቸዋል። ደስ ብሎኝ ማጥፊያዋን ሰጠኋቸው። እርሳስ ነበር የፈለጉት። ለእነሱ ላጲስ የሚጽፈው ነው፣ ለእኛ የሚያጠፋው። ሌላውን ስቆጥርላቸው፣ ፎርኖ፣ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ጎማ፣ መኪና ስል፣ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። "ይሄን ሁሉ ከየት አመጣችሁት?" አሉኝ። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ቂል ሴትዮ አልነበሩም።

ቲቸር አስተማሪ የሆኑት በአሥር ዓመታቸው ነው። በ1942 ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር። አሜሪካ ከጣልያን ጋር ጦርነት ገጥማ ነበርና ዜግነት ያልወሰደ ጣልያን ሁሉ "የጠላት አገር ሰው" ተብሎ እንዲመዘገብ ታዘዘ። 600,000 ያህል ሰው ነው። ፎቶና የጣት አሻራ ያለበት ደብተር ይዘው ነበር የሚሄዱት። እናታቸው ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ትንሿ ልጅ ፖስታ ቤት ሄዳ ፎርሙን አነበበችላቸው። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ስማቸውን መፈረም አስተማረቻቸው። "የመጀመሪያ ተማሪዬ እናቴ ናት፣ ደግሞም በጣም ሰነፍ ነበረች" ይሉ ነበር። አንቺን አሰብኩ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በማሾ ብርሃን ሀ ሁ ስትቆጥሪ። ነገርኳቸው። "ማን አስተማራት? ስንት ወር ፈጀባት?" ብለው እንደ ዳይሬክተር ጠየቁኝ።

እሑድ እሑድ ልጃቸው ድልድዩን ተሻግራ ከኒው ጀርሲ ትመጣለች። የቲማቲም ስልሱ ከጠዋት ጀምሮ ይንተከተካል፣ አንቺ ለፋሲካ የዶሮ ወጥ እንደምትሠሪው። እኔ መጀመሪያ አልበላም ነበር። "ጾም ነኝ" እላለሁ። በዓመት ስንት ጾም እንዳለን ስለማያውቁ ለጊዜው አዋጣኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። ጓሮ ትልቅ የበለስ ዛፍ አላቸው። እሾሃሙ የእኛ በለስ አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው፣ ቅጠለ ሰፊው። ክረምቱን ስለማይችል ከብርዱ በፊት በጆንያ ይጠቀለላል፣ አናቱ ላይ ባልዲ ይደፋበታል። ልክ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ይመስላል። እሱን ጠቅልዬ ስገባ የብስኩት ቆርቆሯቸውን አስመጡኝ። መርፌ፣ ክር፣ ቁልፍ፤ የአንቺው ዓይነት ነው። ከታች አንድ ቀለበት አወጡ። ግራጫ፣ ቀላል፣ ምንም የሌለበት የብረት ቀለበት።

የእናታቸው ነው። አገራችን ስትወረር ሙሶሊኒ ሴቶቹን የጋብቻ ወርቃችሁን ስጡ ብሎ ነበር። በጣልያን ብቻ እንዳይመስልሽ። እዚህ አሜሪካም፣ ፊላዴልፊያም፣ የስደተኛ ሚስቶች ወርቃቸውን እያወለቁ ሰጡ፤ በምትኩ ብረት ተሰጣቸው። የቲቸር እናትም ሰጡ። ቲቸር ያኔ አራት ዓመታቸው ነው። ቀለበቱን መዳፌ ላይ አስቀምጠው፣ "እናቴ ጥሩ ሰው ነበረች። ይሄንንም አድርጋለች። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው" አሉኝ።

ምንም አልመለስኩም። ሪፖርቴን ጻፍኩና ወጣሁ። አውቶቡስ ላይ እጄን እያየሁት ነበር። ማግስቱን ላለመሄድ ወስኜ ነበር፤ ግን የቤት ኪራይ አለ፣ የአንቺም መድኃኒት አለ። ሄድኩ። ገላቸውን እያጠብኩ ስለ አባባ ወንድም ነገርኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስለነበር ቀለለኝ። ስጨርስ ስሙን ጠየቁኝ። በቀይ እስክሪብቶ ጻፉት፤ "አርሚኝ" አሉ። አንድ ፊደል ተሳስተው ነበር። አረምኩ።

ከዚያ ረሳሁት። የካቲት ሲደርስ፣ በእነሱ ፌብሩዋሪ 19፣ ልጃቸው ከቤተ ክርስቲያናቸው የሚታደለውን ወረቀት አምጥታ ሰጠችኝ። በየቀኑ ቅዳሴው ለማን ነፍስ እንደሆነ ይታተምበታል፤ የሚያስቀድሰው ሰው አስቀድሞ ያስይዛል። በዚያ ቀን፣ ከጣልያንና ከአየርላንድ ስሞች መሃል፣ የአባባ ወንድም ስም አለ። አንድም ፊደል አልተሳሳተም። ቲቸር መሄድ ስላልቻሉ አልጋቸው ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን ይዘው ዋሉ። በየዓመቱ አስደረጉት። አራት ጊዜ።

ኦርቶዶክስ በካቶሊክ ቤት ይቀደስለታል ወይ ትይኛለሽ። እኔም ግራ ገብቶኛል። የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፤ ብቻ ቆጣ ካሉ እኔ ነኝ የጻፍኩት አትበያቸው።

ቀብሩ ጥሩ ነበር። ዋዜማውን ሬሳው ተከፍቶ ሰው እየተሰለፈ ይሰናበታል። ጮክ ብሎ የሚያለቅስ የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ ያሳፈርኳቸው። በዱሮ ጊዜ እንደ እድር ያለ ማኅበር ነበራቸው፤ ወር በወር እያዋጡ ሰዋቸውን የሚቀብሩበት። አሁን የለም። ግን ተማሪዎቻቸው መጡ። ሽበታሞች ናቸው። አንዱ በከዘራ ነው የሚሄደው። ሬሳው ጋ ሲደርስ ማስቲካውን ከአፉ አውጥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። በሁለተኛ ክፍል ያስጠነቀቁትን ነው መሰለኝ።

ቀለበቱን ልጃቸው ምን እንዳደረገችው አልጠየቅሁም። እኔን "ምን ትፈልጊያለሽ?" ስትለኝ ቀይ እስክሪብቶውን ወሰድኩ። ይሄን ደብዳቤ የጻፍኩበት ነው፤ ቀለሙ ያስደነገጠሽ እንደሆነ ለዚያ ነው።

ከደብዳቤው ጋር የመጀመሪያውን ዓመት ወረቀት አድርጌልሻለሁ። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ ማሙሽ ያንብብልሽ፤ ከላይ ሦስተኛው መስመር ነው። ከፈለግሽ አባባ ፎቶ ጀርባ አድርጊው። ካልፈለግሽም መልሰሽ ላኪልኝ፣ አትቅደጂው።

የጉልበትሽን ቅባት የሚመጣው ሰው ይዞልሻል። ማታ ማታ ነው የሚቀባው፤ ጠዋት አይደለም።

ናፋቂሽ ልጅሽ