እየጠገብሽ ቀንሺ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ደህና ነው። ጅማ ዝናቧን አላቋረጠችም፣ ጓሮው ሁሉ ለምልሟል።

ባለፈው ስንደዋወል «እንጀራ አቁሜያለሁ፣ ግን ማታ ማታ ራቡ ሊገድለኝ ነው» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ቢሮ ስለነበርሽ ብዙ ማውራት አልቻልንም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ክብደት ለመቀነስ መፈለግሽን አልቃወምም። ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽን እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ያሳዘነኝ የምትበይውን ስትነግሪኝ ነው። ጠዋት ሎሚ በሞቀ ውሃ። ምሳ ሰላጣ በቲማቲም። ከሰዓት ሻይ። ማታ ቤት ስትገቢ ደግሞ ዳቦ፣ እሱም ግማሹ እስኪያልቅ ድረስ። ከዚያ በራስሽ ትናደጃለሽ። ልጄ፣ በራስሽ አትናደጂ። ሰውነትሽ ቀኑን ሙሉ ያልሰጠሽውን ነው ማታ የሚጠይቅሽ። ሎሚ በሞቀ ውሃ ስብ አያቀልጥም። ሰላጣና ቲማቲምም ብቻቸውን እስከ ማታ አያቆዩም።

ጤና ጣቢያ ስሠራ ዳይት ጀምረው የተዉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። አብዛኞቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም የተዉት። ርቧቸው ነው። ስለዚህ ካርቦሃይድሬት (እንጀራ፣ ዳቦና ስኳር ውስጥ የሚበዛውን) ስትቀንሺ መጀመሪያ የምትጠይቂው «በምትኩ ምን ያጠግበኛል?» የሚለውን ይሁን። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የሚያጠግበን ምንድን ነው? ከሁሉም በላይ ፕሮቲን ነው። ቀጥሎ ፋይበር (ሰውነት የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ቃጫ) እና ውሃ ያለው ምግብ ነው፤ ሆድን ይሞላል፣ ቶሎም አያልፍም። ቅባትም ምግቡ ከጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያደርጋል። አንድ ሰሃን ላይ ሦስቱ ሲገናኙ ከምሳ እስከ እራት ሳትቅበዘበዢ ትውያለሽ። ያንቺ ሰላጣ ውሃና ጥቂት ፋይበር አለው፣ ሌሎቹ ሁለቱ ግን የሉበትም።

አንድ ጥናት ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1995 አውስትራሊያ ውስጥ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 38 ምግቦችን እኩል ካሎሪ አድርገው ለሰዎች አበሉና የትኛው ይበልጥ እንደሚያጠግብ ለኩ። አንደኛ የወጣው ምን ይመስልሻል? የተቀቀለ ድንች! ድንች ስታርች፣ ማለትም ካርቦሃይድሬት፣ የበዛበት መሆኑን ታውቂያለሽ። መጨረሻ የወጣው ደግሞ በቅቤ የሚሠራው ክሮሳንት ነው። ይህን የምነግርሽ ድንች እንድትበይ አይደለም። ካርቦሃይድሬት ያነሰው ሁሉ ያጠግባል፣ የበዛበት ሁሉ ያስርባል ብለሽ እንዳታስቢ ነው። ክሬምና ቅቤም ካርቦሃይድሬታቸው ትንሽ ነው፣ ግን በማንኪያ ብትበያቸው አያጠግቡሽም፣ ክብደትሽም አይቀንስም።

ደግሞ ይህ አመጋገብ ተአምር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ካርቦሃይድሬት፣ ግማሹን ቅባት አስቀንሶ ለአንድ ዓመት ተከታተላቸው። ሁለቱም ቡድኖች በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀነሱ። ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበራቸውም። አንቺ ካርቦሃይድሬት መቀነስ ከተስማማሽ ቀጥዪ፤ ካልተስማማሽ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፣ አትጨነቂ።

አሁን ወደ ወጥ ቤቱ እንግባ።

ጠዋት እንቁላል ብዪ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ካርቦሃይድሬቱ ግን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ሦስት እንቁላል በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ፍርፍር አድርጊና ግማሽ አቮካዶ አጠገቡ አድርጊ። ዳቦ አያስፈልግሽም። አቮካዶ ከመቶ ግራሙ 8 ወይም 9 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢኖረውም አብዛኛው ፋይበር ነው። ብቻ ጁስ ቤት አትሂጂበት። እዚህ ጅማም አቮካዶ ጁስ ላይ የሚጨመረውን ስኳር አይቻለሁ። ሎሚ ጨምቀሽበት፣ ጨውና ቃሪያ አድርገሽ በማንኪያ ብዪው።

ለእራት ከሁሉም የምወድልሽ ጎመን ክትፎ በአይብ ነው። አይቡን ራስሽ አውጪው፣ ከባድ አይደለም። ጥሩ የረጋ እርጎ ግዢ። እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ ከአሬራው የሚወጣው አይብ ቅባቱ ትንሽ ነው። ሳትንጪው እንዳለ ብታሞቂው ግን ቅባት ስለሚኖረው ይበልጥ ያጠግባል። ድስት ላይ ገልብጪውና በጣም በለሰለሰ እሳት ጣጂው። አታማስዪው። አይፍላ፤ ከፈላ አይቡ ይጠጥራል። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ወደ ላይ ተሰብስቦ ቢጫ የሚለው አጓት ከሥር ሲለይ ታያለሽ። ያኔ አውጪውና ይቀዝቅዝ። ከዚያ በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልዪው። ጨርቁን ቋጥረሽ ብትሰቅዪው ጥርት ያለ አይብ ይሆናል።

ጎመኑን ደግሞ በደንብ አጥበሽ፣ ዋናውን አንጓ አውጥተሽ ቀቅዪው። ሲበስል ውሃውን በእጅሽ ጨምቀሽ አውጪ። ይህን ሰው ይዘለዋል፣ ከዚያ ጎመኑ ውሃ ውሃ ይላል። ቢላሽን ስለሽ ደቃቅ አድርገሽ ክተፊው። ትንሽ ንጥር ቅቤ አሙቂና ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ ጨምረሽበት ጎመኑን ለውሺው፣ ሚጥሚጣ ነስንሺበት። አይቡን ከጎኑ አድርጊና በማንኪያ ብዪው። ቅቤው ላይ እጅሽን ያዝ አድርጊ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ካርቦሃይድሬት የለውም ተብሎ አይፈስም።

ምሳ ውጪ ስለሆነ ያስቸግራል ትያለሽ። አያስቸግርም። ጥብስ እዘዢና ሰላጣ ጨምሩልኝ፣ እንጀራውን ቀንሱልኝ በዪ። ቅቅል ካለ እሱን የሚያህል የለም። ድንቹን ትተሽ ሥጋውንና መረቁን ብዪ። ዓሣም ጥሩ ነው። እኛ ጋ ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚመጣ ቆሮሶ እናገኛለን፣ እናንተ ጋም ዓሣ ቤት ሞልቷል። ከመቶ ግራም የበሰለ ዓሣ 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን ታገኛለሽ። ክትፎ ካማረሽ ግን በስሎ ይምጣልሽ። ኮሶ መድኃኒት የሰጠኋቸውን ሰዎች ብዛት ስለማስታውስ ጥሬ ሥጋ ላይ አልስማማም።

ክትፎ ካልኩ አይቀር፣ ቆጮ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንጀራ ስላልሆነ ችግር የለውም ይላሉ። ቆጮ ከሞላ ጎደል ስታርች ብቻ ነው፣ ፕሮቲኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሶም እንዲሁ። ቂንጬም እንዲሁ። ጤናማ ምግብ ናቸው፣ ካርቦሃይድሬት ግን አላቸው። ማርም ከስኳር ብዙ አይለይም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የኛ የጅማ ማር 17 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል። ሙዝና ማንጎ ካማረሽ ትንሽ ብዪ። ዘይቱና (ጉዋቫ) ካገኘሽ ግን እሱን ምረጪ፣ ፋይበር ስላለው።

እንጀራን በተመለከተ፣ ጭራሽ አቁሚ አልልሽም። ጤፍ ከመቶ ግራም ዱቄቱ 70 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ግን ፋይበርም ብረትም አለው። ብዙ ባለሙያዎች ዝቅተኛ የሚሉት በቀን ከ130 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት ነው። ኬቶ የሚባለው ጠንካራው ደግሞ ከ20 እስከ 50 ግራም ነው። ሁለት ትልልቅ እንጀራ እንደ ውፍረታቸው የቀኑን 130 ሊጨርሱት ይችላሉ። ሩብ እንጀራ ግን ምንም አይልሽም። ወጡን ሳህን ላይ አድርጊ። መጀመሪያ ጎመኑንና ሥጋውን ብዪ፣ እንጀራዋን መጨረሻ ላይ። እንዲህ ሲበላ የደም ስኳር እንደወትሮው ሽቅብ አይወጣም፤ ደግሞም እንጀራው ጋ ስትደርሺ ጠግበሻል። ለኬቶ ብለሽ ከእንጀራ ጋር ከምትጣዪ እንዲህ ሆነሽ ዓመቱን ሙሉ ብትዘልቂ ይሻለኛል።

ቡናሽንማ አልነካብሽም! የጅማ ልጅ ሆነሽ ቡና ተዪ ብልሽ ማን ይሰማኛል። ስኳሩን ግን አስቢበት። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ነው። ስኒው ላይ ሁለት ሁለት እያደረግሽ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከጠጣሽ 24 ግራም ሆነ ማለት ነው። ከአንድ ማንኪያ ጀምረሽ ቀስ በቀስ አውርጂው። በገጠር በጨው የሚጠጡም አሉ፣ እሱም ይለመዳል። ለቡና ቁርስ በቆሎው ፋንታ ለውዝ አቅርቢ። ለውዝ ግን አንድ እፍኝ ብቻ ለክተሽ ጣሳውን ክደኚ። ወሬ ላይ ሆኖ ማቆም ያቅታል።

አሁን ዋናው ፈተና ጾሙ ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እንቁላልም ሥጋም አይብም የለም። ዓሣ የሚበሉ አሉ፣ እኛ ቤት አይበላም። በጾም ጊዜ የካርቦሃይድሬቱን ቁጥር ዝቅ ለማድረግ ብለሽ ራስሽን አታስርቢ። ምስር ብዪ። መቶ ግራም የበሰለ ምስር 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢኖረውም 8ቱ ፋይበር ነው፣ ፕሮቲኑም 9 ግራም ነው። ሽሮውንም ወፈር አድርገሽ በማንኪያ ብዪው። ከጎኑ ጎመን በዘይት፣ ፎሶሊያ ያለ ድንች፣ እንጉዳይ በቃሪያ ጥብስ፣ አቮካዶ ይኑርሽ። ተልባ በጣም ይጠቅምሻል። ከመቶ ግራም ተልባ 29 ግራሙ ካርቦሃይድሬት ነው፣ ከዚያ 27ቱ ፋይበር። ቆልተሽ ፍጪውና ሁለት ማንኪያ በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ። ማር አይግባበት። ወፈር ስለሚል ሆድ ይይዛል፣ ድርቀትም ያስታግሳል። ውሃ ግን በደንብ ጨምሪለት። የጾሙ ወራት ክብደትሽ ባይቀንስም ካልጨመረ ይበቃል።

መጀመሪያው ሳምንት ላይ ሚዛኑ ቶሎ ሲወርድ ብዙ አትደሰቺ። ሰውነት ያከማቸው ስኳር ግላይኮጅን ይባላል፣ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እሱ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይወጣል። በኋላ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነስሽ ጥሩ እየሄድሽ ነው። በነዚያ ቀናት ራስ ምታትና ድካም ሊኖር ይችላል። ውሃ ጠጪ፣ መረቅሽ ላይ ጨው አይጥፋ። ማዞር ወይም የወር አበባ መዛባት ከመጣ ግን እኔ ጋ ሳይሆን ሐኪም ጋ ሂጂ።

አንድ ነገር አደራ። አክስትሽ አብሬሽ ልጀምር ብላሻለች መሰለኝ። እሷ የስኳር ክኒን ትወስዳለች። ክኒኑን እየወሰደች እንጀራውን ድንገት ብታቆም የደም ስኳሯ ከልክ በላይ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። መጀመሪያ ሐኪሟን ታማክር፣ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ይህን ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያት። እኔም እነግራታለሁ፣ ግን ያንቺን ትሰማለች።

ቅዳሜ በሚኒባስ ዕቃ እልክልሻለሁ። ጓሮው አቮካዶ፣ ንጥር ቅቤ በጣሳ፣ የተቆላ ተልባና ቡና አለበት። አቮካዶው ገና ጥሬ ነው። ሁሉንም ፍሪጅ ውስጥ እንዳትከችው፣ አይበስልም። ሁለት ሁለቱን ከሙዝ ጋር በጋዜጣ ጠቅልዪ፣ አንገቱ ጋ ጫን ስትዪው ለስለስ ካለ ደርሷል። ሹፌሩ ስልክሽን ይዟል፣ ሲደርስ ይደውልልሻል፤ ስልክሽን እንዳታጠፊ።

እናትሽ
ከጅማ