«ቆሞ ተገኘ» ማለት «ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ መሬት መንቀጥቀጥና ስለ ሕንጻዎች የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አብዛኛው መልካም ነው። «ሕንጻው ከመንቀጥቀጡ በኋላ ቆሞ በመገኘቱ ጥንካሬው በተግባር ተረጋግጧል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን አላስቀምጥ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በቤተ ሙከራ ቢምና ኮለን (የሕንጻን አግድም ተሸካሚና ቋሚ ምሰሶ) ስሰብር ኖሬያለሁ።

ሽቦ በእጁ የሰበረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አንድ ጊዜ ቢታጠፍ አይበጠስም፤ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ግን ይሞቃል፣ ይደክማል፣ ይበጠሳል። በኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮም እንዲሁ ነው። ባለ 400 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ፌሮ ከርዝመቱ 0.2 በመቶ ያህል እስኪለጠጥ ድረስ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ያለፈው መለጠጥ ግን አይመለስም። በተቃራኒው አቅጣጫ ሲገፋም ከበፊቱ ባነሰ ኃይል እጅ ይሰጣል፤ ጀርመናዊው ባውሺንገር ይህን ያሳየው ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ የኮንክሪት ፍሬም፣ ማለትም ቢምና ኮለን የተጋጠሙበትን አጽም፣ ከመፈተናችን በፊት በኮምፒውተር አሰላሁት። ሞዴሌ የዋህ ነበር፤ ፍሬሙ እጅ እስኪሰጥ ድረስ ኃይሉ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ አግድም ይሄዳል፣ ሲመለስ ግትርነቱ (ሲገፋ ላለመታጠፍ የሚያሳየው ተቃውሞ) እንደ አዲስ ነው። በዚህ ስሌት ፍሬሙ መቶ ጊዜ ቢወዛወዝም አይደክምም። በሙከራው ዕለት የፍሬሙን አናት የቁመቱን 3 በመቶ ያህል ግራና ቀኝ ገፋነው። በመጀመሪያው ዙር ስሌቴና መለኪያው ገጠሙ፤ ኮራሁ። በሁለተኛው ዙር የኮለኑ እግር ላይ ኮንክሪቱ ረገፈ። በሦስተኛው፣ ቋሚውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፉት ስታፋዎች ተራርቀው ታስረው ስለነበር፣ ቋሚው ፌሮ በመሀላቸው ጎብጦ ወጣ። በአራተኛው ያው የጎበጠ ፌሮ ተመልሶ ሲሳብ እንደ ጥይት ጮኾ ተበጠሰ።

ከድምፁ ይልቅ ያስተማረኝ ግን በወረቀቱ ላይ የቀረው ሥዕል ነበር። ኃይሉና መወዛወዙ አብረው ሲነደፉ በየዙሩ ቀለበት ይሠራሉ፤ የቀለበቱ ስፋት ፍሬሙ የዋጠው ጉልበት ነው። የእኔ ቀለበቶች ሁሉ ወፍራምና እኩል ነበሩ። የእውነተኞቹ ወገብ ግን ከዙር ወደ ዙር ቀጠነ፤ የተከፈተው ስንጥቅ እስኪገጥም ድረስ ፍሬሙ ያለ ብዙ ተቃውሞ ይንሸራተት ነበርና።

ስለዚህ ሞዴሉ ትውስታ ያስፈልገዋል። የዋጠው ጉልበት በተጠራቀመ ቁጥር ግትርነቱንም አቅሙንም መቀነስ አለበት። ምን ያህል ይቀንስ? ይህ ከሙከራ እንጂ ከወንበር አይገኝም። ወጣት ባልደረቦቼ ያሸበረቀ ሥዕል ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ቁጥሮቹን ከየትኛው ሙከራ እንዳመጧቸው ነው፤ ማስተካከያው የበዛ ሞዴል ከማንኛውም ሥዕል ጋር መግጠሙ አይቀርምና።

በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ2010 በ7.1 መጠን መሬት ሲንቀጠቀጥ የከተማዋ ሕንጻዎች አብዛኞቹ ቆመው ቀሩ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በ2011፣ በመጠን ያነሰ ነገር ግን ለከተማዋ እጅግ የቀረበ መንቀጥቀጥ 185 ሰው ገደለ። ጥፋቱን ሁሉ በቀድሞው ድካም ማመካኘት አይቻልም፤ ሁለተኛው በከተማዋ ላይ የበረታ ነበር። ሆኖም በመጀመሪያው ዕለት ቆሞ መታየት ለሁለተኛው ዋስትና አልሆነም።

መንቀጥቀጥ ያለፈበትን ሕንጻ የሚመረምር መሐንዲስ ምን ያህል ዘንበል ብሎ እንደቀረና ስንጥቆቹ ምን ያህል እንደሰፉ ለክቶ፣ ስሌቱን ከተጎዳው ሕንጻ ይጀምር። በሥዕል ወረቀቱ ላይ ያለው አዲሱ ሕንጻ አሁን የለም። እናንተም ያንን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም ብታርሙት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የቤተ ሙከራ መሐንዲስ