ጊታርዎን ለቆራሌው አልሰጥም

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሕር ዳር ሙቀቱ በርትቷል። ማታ ማታ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ባይደርስልን ቤት ውስጥ መተኛትም አይቻል ነበር።

ባለፈው በስልክ «ያ ጊታር ቦታ ከሚይዝባችሁ ለቆራሌው ስጡት» ብለውኛል። ስልክ ላይ መከራከሩ ደስ ስላላለኝ ዝም አልኩ። አሁን ግን ቁርጡን ልንገርዎት፤ አልሰጥም። ምክንያቴን ረጋ ብለው እንዲያነቡልኝ ብዬ ነው ደብዳቤ የጻፍኩት።

ስፔን ውስጥ አልሜሪያ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ የጊታር ሙዚየም አለ፤ በአንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ስም የተሰየመ። ስለዚህ ሰው ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ እርስዎ ከሐሳቤ አልወጣ አሉኝ። የተወለደው እዚያው አልሜሪያ እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። በ12 ዓመቱ አናጢ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ። በኋላ ሴቪያ ሄዶ ጊታር መሥራት ጀመረ። ዛሬ ክላሲካል የምንለውን ጊታር መልክ ያስያዘው እሱ ነው። ሆዱን አሰፋው፤ የፊቱን ጣውላ አሳሳው። ጣውላው እንዳይጎብጥ ከውስጥ ቀጫጭን እንጨቶችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ደገፈው። እንጨቶቹ ከእሱ በፊትም ነበሩ፤ ልካቸውን ያገኘው ግን እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ሠርቶም ጊታር እንጀራ አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. በ1870 ገደማ ወደ አልሜሪያ ተመልሶ የሳህንና የስኒ ሱቅ ከፈተ። ጊታር መሥራቱን የቀጠለው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፣ ያውም ከሱቁ ጎን ለጎን። እርስዎም ጊታር ይጫወቱበት የነበረው የቀበሌ ኪነት ሲበተን ጨርቃ ጨርቅ ገብተው እኛን አሳደጉ። «የኔ ጊታር የልጅነት ነገር ነው፣ አልፏል» ሲሉ እሰማዎታለሁ። አባባ፣ ሙዚየሙ የተሰየመው በዚያ ሳህን ነጋዴ ስም ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከእንጨት ሳይሆን ከካርቶን የሆነ ጊታር ሠራ። ድምፁ የሚወጣው ከፊቱ ጣውላ መሆኑን ለማሳየት ነው። ጊታሩ እስከ ዛሬ ባርሴሎና በሚገኘው የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። እንግዲህ የእርስዎ ጊታር ጎኑ ቢሰነጠቅ፣ ጀርባው ቀለሙን ቢለቅ ምን አለበት? የፊቱ ጣውላ ደህና ነው። በስልኬ መብራት በቀዳዳው ወደ ውስጥ አየሁት። እነዚያ እንጨቶች አሉ፤ አምስት ናቸው። ቶሬስ ብዙውን ጊዜ ሰባት ነበር የሚያደርገው።

ከሁሉ ይልቅ ልነግርዎት የጓጓሁት ግን ስለ ክሩ ነው። የቀበሌ ኪነት ላይ ሳላችሁ ክር ሲበጠስ የሚተካ ስለማይገኝ፣ ጣና ዳር ወርደው ከዓሣ አጥማጆች ናይለን ይለምኑ እንደነበር ነግረውናል። ሁልጊዜ እንደ ድህነት ወሬ ነው የሚያወሩት፤ ድምፅዎም ዝቅ ይላል። እስቲ ይህን ይስሙኝ።

የጊታር ክር ድሮ የሚሠራው ከአንጀት ነበር፣ እንደ በገናችን። ወፍራሞቹ ሦስቱ ደግሞ ሐር ላይ ሽቦ ተጠምጥሞባቸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀቱ ለቁስለኞች መስፊያ ሲፈለግ ለጊታር ጠፋ። ያን ጊዜ ኒውዮርክ ውስጥ አልበርት ኦገስቲን የሚባል መሣሪያ ሠሪ ከወታደር ትርፍ ዕቃ መሸጫ ናይለን አግኝቶ ክር አድርጎ ሞከረው። ታላቁ የስፔን ጊታሪስት አንድሬስ ሴጎቪያም አብሮት ቆመ። ዛሬ በዓለም ያሉ ክላሲካል ጊታሮች ሁሉ ማለት ይቻላል በናይለንና በናይለን ዘመዶች ነው የሚዘፍኑት። አዩ፣ ኒውዮርክ ያሉትም ክር ሲያጡ ያገኙትን አሰሩ። እርስዎም ጣና ዳር ያደረጉት ይኸንኑ ነው፣ ያውም ማንም ሳይነግርዎት። ይህ የሚታፈርበት ታሪክ አይደለም። እኔ ለልጆቼ ኮርቼ ነው የምነግራቸው።

ደግሞም አልሜሪያ ቢሄዱ የማይገኝ ነገር እርስዎ ጋ አለ። ጊታር 12 ድምፅ አለው፤ የትዝታ ቅኝት ግን የሚፈልገው አምስቱን ነው። እርስዎ መጀመሪያ ክራር ተምረው ጣትዎን እንዳለ ወደ ጊታር አሻገሩት። የትኛውን ክር እንደሚያላሉ፣ የትኛውን ዝም እንደሚያሰኙ፣ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲሄዱ ምን እንደሚቀይሩ እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያውቁት። የሮሃ ባንድን ካሴት እየመለሱ የሰላም ሥዩምን ጊታር በጆሮ ሲለቅሙ ትዝ ይለኛል። የተጻፈ ኖታ አልነበረም። ያ ሁሉ ያለው እርስዎ ጋ ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው።

ስለ ጊታሩ አይስጉ። ከምድጃው አጠገብ ካለው ግድግዳ አንስቼዋለሁ። አንድ የተዋሰው ሰው የብረት ክር አስሮበት ነበር። የብረት ክር ጉልበቱ ለዚህ ዓይነት ጊታር ይከብዳል፤ ለዚህ ነው ክሩ የሚታሰርበት እንጨት ከፊቱ መላቀቅ የጀመረው። ክሩን ሁሉ አላልቼ ፈታሁት። ለጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው ይላሉ፤ በጋ ላይ እዚህ ስለሚደርቅ ሣጥን ውስጥ አድርጌ ፀሐይ የማያገኘው ክፍል አስቀመጥኩት። ለመንደሩ አናጢ አልሰጠሁትም። የሚያውቅ ሰው እስካገኝ ሙጫ አይነካውም።

አሁን ልመናዬ ይህ ነው። ጣትዎ እንደማይታዘዝልዎት አውቃለሁ፤ ይጫወቱልኝ አላልኩም። እህቴ ቤት ያለችው የልጅ ልጅዎ ስልኳን ትያዝና ያውሩላት። ጊታሩን ከማን ገዙት? ናይለኑ ለየትኛው ክር ምን ያህል ውፍረት ነበረው? ወፍራሞቹን ክሮች በምን ተኩዋቸው? ኪነቱ ውስጥ ከእርስዎ ሌላ ጊታር የሚይዝ ማን ነበር? ባቲን ሲጫወቱ ቅኝቱን እንዴት ነበር የሚያደርጉት? ቢያምርም ባያምርም አንጎራጉረው ያሳይዋት፤ እኔ እዚህ እየሰማሁ እጽፈዋለሁ።

የናይለኑን ውፍረት ግን አስቀድመው ይላኩልኝ። ለፋሲካ ሲመጡ ከዓሣ አጥማጆቹ ገዝቼ እጠብቅዎታለሁ።

ልጅዎ፣
ከባሕር ዳር