የኤርፖርቱ መንገድ ዳር ጎሾች

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝምታውን ማን ጀመረው ብለን አንካሰስ፤ ብዙ ወሬ አለኝ።

እዚህ ዴንቨር ሰው ከኤርፖርት ሳመላልስ ሁልጊዜ የማየው አንድ የታጠረ ሜዳ አለ። ለግንባታ የተያዘ ባዶ መሬት ይመስለኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለቤቴንና ልጆቹን ይዤ ገባሁ፤ መግቢያው በነጻ ነው። ሮኪ ማውንቴን አርሰናል የሚሉት የዱር እንስሳት መጠለያ ነው አሉኝ፤ ስፋቱ 6 ሺህ ሄክታር ገደማ።

ታሪኩ ያስገርማል። በ1942 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጦሩ ገበሬዎቹን አስነሥቶ የሰናፍጭ ጋዝ ፋብሪካ ተከለበት፤ ኋላም ሳሪን የሚሉት የነርቭ መርዝና ፀረ ተባይ መድኃኒት ተመረተበት። አፈሩም የከርሰ ምድር ውሃውም ተመረዘ። ሰው እንዳይደርስበት ታጠረ፤ አውሬው ግን አጥር የሚያከብር አይደለም። በ1986 ራሰ ነጭ ንስሮች ክረምቱን ሲያሳልፉበት ተገኙ፤ በ1992 የአሜሪካ ምክር ቤት መጠለያ እንዲሆን ሕግ አወጣ፤ ጽዳቱ ዓመታት ወሰደ። ከተማው ዙሪያውን ሲውጥ ይህን ሣር ያተረፈው መርዙ ነው ብል አታምኚኝም።

ባይሰን የሚሏቸው የአሜሪካ ጎሾች በ2007 ከሞንታና ሲመጡ 16 ነበሩ፤ ዛሬ ትልቅ መንጋ ሆነዋል። በእነሱ ክልል ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። አንዱ ኮርማ መንገዱን ዘግቶ ቆመ፤ ጥሩምባ ለመንፋት ማን ደፍሮ! ታናሹ ልጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባዬ፣ እንመለስ» አለኝ። ፕሬሪ ዶግ የሚሏቸው ትንንሽ እንስሳት ደግሞ ከየጉድጓዳቸው አፍ ቆመው ሲጮሁብን ነበር። እነሱን የሚበላ እግረ ጥቁር ፌሬት የሚሉት ትንሽ አውሬ በ2015 ተለቆባቸዋል፤ ሌሊት ስለሚወጣ አላየነውም።

ሐይቆቹ ዳር ፊላው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ዳክዬው ውስጡ ይንጫጫል። ዓሣ ማጥመድ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን መልሶ መልቀቅ እንጂ መብላት የለም። ባለቤቴ ማስታወቂያውን አንብባ «ካልበሉት ምን አስጨነቁት?» አለች። እኔም መልስ አላገኘሁላትም።

በታኅሣሥ፣ ንስሮቹ ሲመጡ፣ ደግመን እንሄዳለን። አንቺስ? ሰንቀሌ የቆርኬዎቹ መጠለያ እኮ ከሻሸመኔ ቅርብ ነው፤ ቆርኬዎቹን አይተሻቸው ታውቂያለሽ? የእማማ ጉልበትስ ተሻላቸው? ስልክሽ ተቀይሮ ከሆነ አዲሱን ላኪልኝ፤ ልጆቹ የኮርማውን ፎቶግራፍ ካልላክንላት እያሉ አስቸግረውኛል።

ወንድምሽ